«የምሥራቹ ለእናቴ ቀድሞ ደረሰ»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጇ፤

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ31 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል። እሷ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ከአራት ሳምንት በፊት አንድ ማለዳ፣ ከሌሊት ፈረቃ እንደተመለሰች፣ ከፋርማሲ የገዛችውን መመርመሪያ በሶፍት ጠቅልላ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ፈታችው፤ ሁለት ቀይ መስመር ነበረበት። ሁለታችንም እንደቆምን አለቀስን። ከዚያም እጄን ይዛ «አራት ወር እስኪሞላኝ ለማንም፣ ለእናቴም ቢሆን፣ ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ።

ምክንያቷን አውቀዋለሁ። ታላቅ እህቷ ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል። ሁለተኛው የጨነገፈው ዜናው ሰፈሩን ካዳረሰ በኋላ ነበርና፣ ቡና ላይ በተቀመጠች ቁጥር «ምን ነክቶሽ ነው? ከባድ ነገር አንስተሽ ነበር?» እየተባለች ለወራት ስትቆስል ባለቤቴ በዓይኗ አይታለች። «ሰው አፍ ውስጥ መግባት አልፈልግም» ትላለች። እስካሁን ጤና ጣቢያ እንኳ ያልሄደችው፣ እዚያ የምታውቃት ነርስ ስላለች ወሬው ይወጣል ብላ ፈርታ ነው።

ቃል ገባሁላት፤ ሦስት ቀን ግን አልጠበቅኩትም። አባቴ የሞተው ገና ልጅ ሳለሁ በመሆኑ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ደወለና «ሰላም ነህ?» ሲለኝ ድምፄ ተያዘ። «ምን ሆንክ?» ብሎ ደነገጠ፤ ነገርኩት። ለእናታችን እንዳይነግር ለመንኩት፤ እሺም አለኝ፤ ነገር ግን የሚኖሩት ሐይቅ ከተማ አጠገብ በአንድ ግቢ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ሳትታሰብ መጣች። አንድ ቅል ቅቤ፣ የተፈጨ አብሽና ማር ይዛ ነበር። ስለ እርግዝና አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ባለቤቴ ውኃ የሞላ ጀሪካን ልታነሳ ስትጎነበስ ግን፣ የ65 ዓመቷ እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ተይ፣ ተይ የኔ ሆድ፣ እኔ አነሳዋለሁ» ብላ ከእጇ ተቀበለቻት። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እናቴ ከሄደች በኋላ አልጮኸችብኝም። «እናቴ ሳታውቅ እናትህ አወቁ» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጉዳይ አታናግረኝም፤ ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። በዚህ ላይ እናቴ በመጪው ሐሙስ ጎረቤቷን ሰብስባ ወዳጃ (ቡናና ጫት የሚቀርብበት የዱአ ስብሰባ) ልታደርግ፣ ለፅንሱም ዱአ ልታስደርግ ማሰቧን ወንድሜ ነገረኝ። የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ወረኢሉ ነው። እኔው ራሴ ደውዬ የምሥራቹን ብነግራቸውና ስለዘገየሁ ይቅርታ ብጠይቃቸው ነገሩ የሚስተካከል ይመስለኛል። ወይስ አራት ወሩ እስኪሞላ ዝም ብዬ ልጠብቅ? አባት ልሆን ነው፤ ደስታዬን ግን እንደተሰረቀ ዕቃ ደብቄ ነው የያዝኩት። እባክዎን ይምከሩኝ።

ከኮምቦልቻ

*

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ደስ ያላችሁ። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው፣ ከወንድምህ በቀር ይህችን ቃል በሙሉ አፉ ያለህ ሰው አለመኖሩን ተረዳሁ፤ እናትህ እንኳ ቅቤና ማር ተሸክመው መጥተው ሳይናገሯት ነው የተመለሱት። እንደ አገራችን ሰው «አብሽር» ብዬ ልሸኝህም ዳድቶኝ ነበር፤ ነገር ግን አብሽር ብዙውን ጊዜ የሚባለው የሚያደርገው ነገር ላለቀበት ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ እስከ ሐሙስ ድረስ የምታደርገው ብዙ ነገር አለህ።

ባለቤትህ ከተናገረችው ልጀምር። «ለምን ተናገርክ?» አላለችህም። «ቃልህን አጠፍክ» ብላም አልወቀሰችህም። ያለችህ «እናቴ ሳታውቅ እናትህ አወቁ» ነው፤ በዚያ ሁሉ ቅሬታ ውስጥ እንኳ እናትህን አንቱ ማለቷን ልብ በልልኝ። እኔ እንደማነበው በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች አሉ። አንደኛው ቃል ማጠፍህ ነው፤ እሱ ከልብ ይቅርታ ሲጠየቅበት በጊዜ ይሽራል። ሁለተኛው ማን ቀድሞ ይስማ የሚለው የተራ ጉዳይ ነው፤ የሚከብደውም እሱ ነው። አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን መፅነሷን ለእናቷ የምትነግርበት ሰዓት በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው። ምናልባት ወረኢሉ ሄዳ ከእናቷ ጎን ልትቀመጥ፣ ቡናው ሲቆላ ሽታው አላስቀምጥ ብሏት ተነስታ ስትወጣ እናቷ ራሳቸው እንዲያውቁላት አስባ ይሆናል። ምናልባትም የሌሊት ፈረቃዋን ሙሉ መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ ስትሰፋ የምትነግራቸውን ቃል ስታማርጥ ሰንብታ ይሆናል። እኔ ይህን ላውቅ አልችልም፤ አንተስ ጠይቀሃት ታውቃለህ? የእናትህ እጅ ጀሪካኑ ላይ ሲያርፍ ባለቤትህ የተረዳችው ምሥጢሩ መውጣቱን ብቻ አልነበረም፤ እሷ ከገዛ እናቷ ደብቃ ስትጠብቀው የከረመችው ነገር ከሌላ ቤት እንደተጀመረም ነው።

ይህን ስል አንተን ለመክሰስ አይደለም። አባቱ የሞተበት ሰው የምሥራቹን በመጀመሪያ ለማን እንደሚናገር አሳምሬ አውቃለሁ። ወንድምህ ለአንተ ወንድምም አባትም ነው፤ ድምፅህ የተያዘውም ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል። አንድ ጥያቄ ግን ልጠይቅህና ለራስህ መልሰው፦ ያን ዕለት ሐረጎ ላይ ሆነህ ከወንድምህ ልትሰማ የፈለግከው ምን ነበር? «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለውን ነበር ወይስ «አይዞህ፣ ትችለዋለህ» የሚለውን? የመጀመሪያ ልጁን የሚጠብቅ ወንድ ደስታውንና ፍርሃቱን ለያይቶ መያዝ ይቸግረዋል፤ ፍርሃቱን ደግሞ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ሁሉም የሚጠይቀው ሴቲቱን ነው። መልስህ ሁለተኛው ከሆነ፣ ይህንን ለባለቤትህ ብትነግራት ስህተትህን ከየት እንደመጣ ታይልሃለች። ማስተባበያ አድርገህ ሳይሆን፣ ይቅርታውን ከጠየቅክ በኋላ በሌላ ቀን የምትነግራት ይሁን።

አሁን ወደ ወረኢሉው ስልክ እንምጣ። ወንድሜ፣ ይህን ሐሳብ ተወው። ቅን ልብ እንዳለህ ያሳያል፤ ነገር ግን ለእናትህ ከደረሰው ዜና ይልቅ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። አማትህ ከአማቻቸው አፍ «ልጅዎ ፀንሳለች» ቢባሉ በመጀመሪያ እልል ይላሉ፤ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን «ልጄ ለምን ራሷ አልነገረችኝም?» ብለው ያስባሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለልጃቸው ካቀረቡላት ደግሞ ባለቤትህ አንተን ካልወቀሰች በቀር ልትመልሰው አትችልም። እስካሁን የተወሰደባት ቀዳሚነቱ ነው፤ ለእናቷ የመናገሩ መብት ገና በእጇ አለና እሱን አትንካባት።

ሙሉ በሙሉ ዝም ብሎ መጠበቅስ? እሱም የሚሆን አልመሰለኝም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ሐይቅ ያለ ቤት ያወቀውን ነገር የወረኢሉ ሰው እስኪሰማው ብዙ ገበያ አይቆምበትም። ስለዚህ ባለቤትህ እንደበፊቱ የምትመርጥበት ጊዜ ሰፊ አለመሆኑን በግልጽ ማወቅ አለባት። ይህን የምትነግራት አንተ ነህ፤ የምትወስነው ግን እሷ ናት።

ከዚያ በፊት ስለ አራት ወሩ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ባሎች ይህን የሴቶች ፍርሃት ብለው ያቃልሉታል፤ አንተም በልብህ ትንሽ አቅልለኸው እንደነበር ከደብዳቤህ ጠርጥሬአለሁ። በእኛ አገር እስላም ቤተሰብ ያደገ ሰው ሩሕ (ነፍስ) በፅንሱ ላይ የሚነፋው በ120ኛው ቀን እንደሆነ ሲነገር ሰምቶ ያድጋል፤ አራት ወር የሚለው ቁጥር ለባለቤትህ ከዚያም መጥቶ ሊሆን ይችላል። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ የሚያሰምሩበት ሌላ መስመር አለ፤ እሱም 12ኛው ሳምንት ነው። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ100ው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚጨነግፉት በእነዚያ 12 ሳምንታት ውስጥ ነው። ዋናው ምክንያት ፅንሱ ገና ሲጀመር በክሮሞሶሞቹ ላይ የሚፈጠር ጉድለት ነው እንጂ እናትየው ያነሳችው ዕቃ፣ የደነገጠችው ድንጋጤ ወይም የሰው ዓይን አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለባለቤትህ እህት ያስረዳቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ለወራት «ምን አንስተሽ ነበር?» ሲባሉ ከርመዋልና፣ አንድ ቀን አንድ አዋላጅ ነርስ ወይም ሐኪም ይህንኑ ቢነግራቸው በጣም ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ሚስትህ የጠየቀችህ ነገር መሠረት ያለው ጥያቄ ነበር። በሌላ በኩል፣ እህቷን ያቆሰላቸው የዜናው መነገር ነው ብዬ አላምንም፤ ያቆሰላቸው ሊያጽናኑ የማይችሉ ሰዎች ጭምር መስማታቸው ነው። ሰው የምሥራች ሲነግር፣ ነገሩ ቢበላሽ መርዶውንም የሚቀበልለትን ሰው አብሮ እየመረጠ ነው። ሁለታችሁ ሰላም ስትሆኑ በዚህ ላይ ብትነጋገሩ መልካም ነው፤ አያድርገውና አንድ ሌሊት ደም ብታይ፣ ባለቤትህ በሩ ላይ ቆሞ ማየት የምትፈልገው ማንን ነው? ይህን ስትጠይቃት ከአፏ የሚወጣው ስም ያለ ጥርጥር አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሰው ነው። እናቷ ቢሆኑ አይደንቀኝም።

ይቅርታውን እንዴት ትጠይቃለህ? ጊዜውን ምረጥ። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ፣ ያውም ምግብ በማያስቀምጣት ወቅት፣ ገና በሩ ላይ አትጀምርባት። የሚሻለው ሄደህ ፋብሪካው በር ላይ መጠበቅ ነው፤ አብራችሁ ግቡ፤ የምትችለውን ትቅመስ፤ ትተኛ፤ ከሰዓት በኋላ ስትነቃ ስልክህን አጥፍተህ አጠገቧ ተቀመጥ። ንግግርህ አጭር ይሁን። «ቃሌን አጥፌያለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእናትሽ የምትነግሪበትን ተራ ወስጄብሻለሁ። ወንድሜ ነው ብዬ አቃልዬው ነበር፤ ይቅር በይኝ» በላትና ዝም በል። «ግን» የምትለዋን ቃል ከአፍህ አውጣት። ወንድምህንም እናትህንም አትውቀስ፤ ባለቤትህ የገባችው ቃል ኪዳን ከአንተ ጋር ነው እንጂ ከእነሱ ጋር አይደለም። ብታለቅስ ለማባበል አትቸኩል፤ ብትቆጣም ለመስማት አትሰልች፤ የተቆጣች ሴት እየተናገረች ነውና ከግድግዳው ትሻላለች። ስለ ግድግዳው ካነሳን አይቀር፣ ፊቷን የምታዞረው ሁሉ ከኩርፊያ ላይሆን ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት የሰው ጠረን፣ የቅባት፣ የሳሙናም ሽታ ሳይቀር ያቅለሸልሻል፤ ድካሙም ከባድ ነው። ጠይቃት።

ይቅርታው ካለቀ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለእናትሽ መቼና እንዴት መንገር ትፈልጊያለሽ?» መሄድ ከፈለገች ፈቃድ ጠይቃችሁ ወረኢሉ አድርሳት፤ ስትነግራቸው ግን አንተ ውጭ ቆይ። በስልክ ከሆነም ቤቱን ልቀቅላት። «አሁንም አልነግርም፣ አራት ወሩን እጠብቃለሁ» ካለችህ ደግሞ አትከራከራት፤ ሐይቅ ያለውን ቤት ዝም ማሰኘት የአንተ ሥራ ይሆናል።

እሱም የሚቀጥለው ጉዳያችን ነው። እናትህን ላንተ ብዬ ሳይሆን በእውነት ወድጃቸዋለሁ። ያወቁትን ነገር ይዘው መጥተው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ቅቤና አብሽ አስቀምጠው የሄዱ ሰው ምሥጢር መያዝ ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም፤ ያቃታቸው ጀሪካኑን ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ በወንድምህ በኩል አትላክባቸው። በዚህ ሳምንት ራስህ ሐይቅ ሂድና፣ ሰው በሌለበት፣ አቦሉ ሳይቀዳ፣ እንዲህ ብለህ ንገራቸው፦ «እናቴ፣ ደስታሽ ደስታዬ ነው። ልጅቱ ግን ለእናቷ ገና አልነገረችም፤ አንቺ ቀድመሽ መስማትሽ የእኔ ጥፋት ነው።» እናት ናቸውና የሌላ እናት ተራ መቅደሙ ይገባቸዋል። ምናልባትም እሳቸው አንተን በፀነሱ ጊዜ ለማን እንደነገሩ፣ ስንት ወርስ መቀነታቸውን አላልተው ከሰው ዓይን እንደከረሙ ያጫውቱህ ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ የእኔ አባት የእኔን መፀነስ የሰማው ከገዛ አክስቱ ነበር፤ እናቴ ለባሏ መናገር አፍራ ለሴቶቹ ነግራ ኖሯል። ዘመኑ ተገልብጦ ዛሬ ባል ቀድሞ ያውቃል፤ ችግርህም የመጣው ከዚሁ ነው ማለት ይቻላል።

ወዳጃውን ግን አትከልክላቸው። ዱአ ማስደረግ ለእሳቸው ወሬ መንዛት አይደለም፤ የሚያውቁት መጠበቂያ እሱ ነው። ስም ሳይጠራ፣ «ለቤተሰቤ ጉዳይ ዱአ አድርጉልኝ» ብለው ሊያስደርጉት ይችላሉና ይህንኑ ለምናቸው፤ የተሰበሰበው ሰው አሚን ለማለት ዝርዝሩን ማወቅ አያስፈልገውም። ቢቻል ደግሞ ባለቤትህ ለእናቷ እስክትነግር አንድ ሁለት ሳምንት ያራዝሙት። ባለቤትህ ወዳጃ ላይ እንድትገኝ የሚጠይቁ ከሆነ፣ ጫቱ ለእሷ እንዳይሰጥ አስቀድመህ ተናገር፤ ነፍሰ ጡር ጫት መቃሟ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ከመወለዱ ጋር የተያያዘ ነው። ለቡናውም ልኳን እሷው ታውቃለች፤ ምናልባት ሽታውንም አትፈልገው ይሆናል።

የባለቤትህን ታላቅ እህት ነገር ለብቻው ላንሳው፤ ደብዳቤህ ውስጥ የሚስትህ ምክንያት ሆነው ብቻ ነው የገቡት፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰቡኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ ያጡ ሴት የታናሽ እህታቸውን እርግዝና በቡና ስብሰባ መሐል ቢሰሙ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው እልል ማለት ይጠበቅባቸዋል። እልሉም ከልብ ሊሆን ይችላል፤ ቤታቸው ገብተው የሚያለቅሱት ለቅሶም ከልብ ይሆናል። ሚስትህ «ለማንም» ስትል በልቧ ያሰበችው እሳቸውን ይሆን? ለእናቷ ከነገረች በኋላ፣ ሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት፣ ለእህቷም ለብቻቸው ብትነግራቸው፣ ምላሽ እንዲሰጡ ሳታጣድፋቸው ብትተዋቸው ጥሩ ይመስለኛል። ይህን እንደ ሐሳብ አቅርብላት እንጂ አትዘዛት።

አሁን ምሥጢሩ ሊሸፍናቸው የማይገቡ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ብል አትቀየመኝ። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያው ነው። በደብዳቤህ ስሌት ባለቤትህ ወደ አሥረኛው ሳምንት ሳትጠጋ አትቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር እስክትወልድ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ይመክራል። በዚያ ቀን የደም ዓይነቷና የደም መጠኗ ይታወቃል፤ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረግላታል፤ ሽንቷ ይታያል፤ የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ይሰጣታል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ይህ አገልግሎት ያለ ክፍያ ነው። የምታውቃት ነርስ ካስፈራቻት፣ አንተ በየቀኑ ወደ ደሴ ትመላለስ የለም? የመጀመሪያውን ክትትል ማንም ከማያውቃት ደሴ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ ትጀምር፤ ካርዷን ይዛ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ መዛወር ትችላለች። አብረሃት ግባ፤ ወረፋውንም አብረሃት ጠብቅ። በመሐሉ ደም ካየች፣ ሆዷን አጥብቆ ካመማት፣ ትኩሳት ከያዛት ወይም ትውከቱ ውኃ እንኳ አላስቀምጥ ካላት ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ያን ሰዓት ማን አየን ማን ሰማን አይባልም።

ሁለተኛው ፋብሪካው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም አያሠራትም። ለክትትል የምትሄድበት ቀን የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ከነደመወዟ ፈቃድ አላት፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድም እንዲሁ። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን አሠሪው ሲያውቅ ነው፤ ዝም እስካለች ድረስ የሌሊት ፈረቃው ይቀጥላል። ማስረጃውን ከሰፊው አዳራሽ ወጥታ ለሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ ለብቻዋ ብትሰጥ፣ አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች ወዲያው አይሰሙም። አንተ ፋብሪካው ድረስ ሄደህ ስለ እሷ ለመናገር እንዳትነሳ አደራ። አዋጁን አንብበህ አስረዳት፤ መናገሩን ለእሷ ተውላት። አንተ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆንህ ስለ አባትነት ፈቃድህ ከትምህርት ቤትህ አስተዳደር ከወዲሁ ብትጠይቅ አይከፋም፤ ለዛሬ የሚያጣድፍ ነገር ግን አይደለም።

«ደስታዬን እንደተሰረቀ ዕቃ ደብቄ ይዣለሁ» ያልከው ነገር አልለቀቀኝም። ወንድምህ አንዴ አውቋልና፣ ባለቤትህን ጠይቀህ ከፈቀደችልህ እሱን የአንተ ሰው አድርገው፤ ፍርሃትህንም ጉጉትህንም የምትነግረው እሱ ይሁን፣ ከእሱ አልፎ እንደማይሄድም ደግመህ ቃል አስገባው። ባለቤትህም እንዲሁ የራሷን አንድ ሰው ትምረጥ። ለቀረው ዘመድ፣ ለጎረቤትና ለመምህራን ክፍሉ መቼ እንደሚነገር ከመጀመሪያው ክትትል በኋላ ተቀምጣችሁ ተወያዩበት፤ ያኔ አልትራሳውንድ ታዞላት የልብ ምቱን አይታችሁ ከሆነ እሷም ትንሽ ትረጋጋ ይሆናል። በምትስማሙበት ቀን የመጀመሪያውን ቃል እሷ ትናገር፤ አንተ እልልታው ሲያልቅ ትደርስበታለህ።

ሳልረሳው ደግሞ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ከአፌ ላይ ተመላልሶ የቀረ አንድ ጥያቄ አለኝ። የ65 ዓመት እናትህ ጀሪካን ለማንሳት ከመቀመጫቸው እስኪነሱ ድረስ አንተ የት ተቀምጠህ ነበር? ይህን ለእኔ እንድትመልስልኝ አልጠብቅም፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ግን ውኃውን አንተ ቅዳው።